አርባ ጽጌረዳ በውርጭ አገር

ሐምሌ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ከጠዋት እስከ ማታ ዝናብ። የችግኝ ጣቢያው ቢሮ ጣሪያ ያፈሳል። ችግኞቹ ላይ ቢያፈስ እንኳ ደግ ነበር፤ ልክ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚያንጠባጥበው። ለሦስተኛ ጊዜ በጽሑፍ አመለከትኩ። ለሦስተኛ ጊዜ «ይታያል» ተባልኩ። እኔም ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ሳህሉ መጣ። የአውራጃችን ካድሬ። ሰው ሲልክ ሥራ አለ ማለት ነው፤ ራሱ ሲመጣ ጣጣ አለ ማለት ነው። ከጊምቢቹ በላይ ኮረብታው ላይ የሚሠራው የገበሬዎች ማሠልጠኛ በታኅሣሥ ይመረቃል። ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ። ፊት ለፊቱ አርባ ጽጌረዳ ይተከል ነው የሚለው። ቀይ... ትልልቅ... ከመኪና ላይ የሚታይ... በምረቃው ዕለት ያበበ።

«እሺ ጓድ» አልኩ።

በታኅሣሥ? እዚያ ኮረብታ ላይ? ጎመን እንኳ በውርጭ ጠቁሮ የሚያድርበት አገር ነው። ለምን አልነገርኩትም? አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ «እሺ ጓድ» ቀደመው። ሁለት ዓመት እርሻ ተምሬ አጣርቼ የማውቃት ነገር ቢኖር ይህቺው ሆና ቀረች።

ሐምሌ 13

ከጋሽ ባፈና ጋር ወደ ኮረብታው ወጣን። ላንድሮቨሩ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ቆመ፤ ሁለቱንም ጊዜ የገፋሁት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ድንጋይ ያቀብላሉ።

ጋሽ ባፈና የጣቢያችን አትክልተኛ ናቸው። ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ሚስዮኖቹ ዘንድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አበባ ሲተክሉ ኖረው፣ ግቢው ሲታሸግ እኛ ዘንድ በቀን ሠራተኛነት ገቡ። ዲፕሎማው የኔ ነው፣ እጁ የሳቸው።

እኔ አፈሩን በጣቴ ሳሽ እሳቸው አፈሩን ዞር ብለውም አላዩት። ቁልቁለቱን ነው የሚያዩት። «ብርድ እንደ ውሃ ነው» አሉኝ፣ «ይወርዳል። ታች ሲደርስ ይተኛል።» እጃቸውን ዘርግተው የሚተኛበትን አሳዩኝ። ባንዲራው የሚቆምበት፣ ጽጌረዳው ይተከል የተባለበት ጎድጓዳ ቦታ። ሻል ያለው ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ተዳፋት ነው አሉ። ከመጋዘን ጀርባ የተተከለ አበባ ደግሞ ከመኪና ላይ አይታይም።

በአጥሩ ዙሪያ ቀጋ፣ የዱር ጽጌረዳው፣ ሞልቷል። እሾሁ የበግ ጠጉር ይዞ። ቀጋን ማን ይተክለዋል? ማንም። ማን ይጠብቀዋል? ማንም። ውርጭ ሲያቃጥለው ያየሁበት ጊዜ ግን የለም።

ሐምሌ 18

ጋሽ ባፈና ቤት ሄድኩ። ከሆሳዕና ወጣ እንዳሉ፣ ከእንሰቱ ጀርባ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ ቆጮ በአይብ አቀረቡልኝ። ብላ ብላ አሉኝ። ሳል አለባቸው፤ ሲስቁም ያስላቸዋል። የሚስቁት ደግሞ ብዙ ነው፣ በተለይ በባላቸው። «እኔን ውርጭ ሲመታኝ እንደዚህ አይጨነቅም» አሉ ወደ ጽጌረዳዎቹ እያመለከቱ።

ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ አገዳው ረጅም፣ አበባው የጡጫ ያህል። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ እስከ መሬቱ ይሞታል። ሁለተኛው ሐምራዊ ነው፤ አይሞትም፣ ግን እምቡጡ ሳይከፈት ይረግፋል። ሦስተኛው... አበባው ትንሽ፣ ጥቁር ቀይ፣ ቅጠሉ ወፍራም። ማዳም የሚሏት የሚስዮኑ ሴትዮ እና እሳቸው በ57 ዓ.ም. ቀጋ ላይ ያጣበቁት ነው። ሃያ ታኅሣሥ አልፎበታል።

«አበባው የውጭ ነው» አሉኝ። «ሥሩ ግን የዚህ አገር ሰው ነው።»

ከአጥሩ ሥር ሃምሳ ያህል ችግኝ አሳድገዋል። ሸጠው አያውቁም። ለምን አሳደጉት? ስጠይቃቸው እጃቸው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ እንደማይችል ነገሩኝ። ምርጫው በዚህ አለቀ። አርባውን ከዚህ እንወስዳለን። እያፏጨሁ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሐምሌ 23

አላለቀም።

ለጓድ ሳህሉ ነገርኩት። ውርጩን፣ ጎድጓዳውን፣ ቀጋውን፣ ሁሉንም። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ችግኙ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀ። ከአትክልተኛው ግቢ አልኩ። አትክልተኛውስ ከየት አመጣው? ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። መልሱን እሱ ራሱ ሞላው። «የሚስዮን አበባ ለአብዮቱ ምረቃ?» ብሎ ሳቀ። የአዲስ አበባዎቹን አስቀድሞ አዟቸዋል። ታዲያ ቀድሞ ካዘዘ እኔን ምን አስለፈለፈኝ?

የሚያስጨንቀኝ ምርጫው መቅረቱ አይደለም። ሲወጣ የጋሽ ባፈናን ስም በትንሽ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ነሐሴ 6

አርባዎቹ መጡ። እያንዳንዳቸው በቆርቆሮ ውስጥ። እውነት ለመናገር ያምራሉ... ረጃጅም፣ አንጸባራቂ፣ ልክ እንደ ከተማ ልጅ።

አብሮ የመጣው ወረቀት አገዳው ከሥሩ ጋር የተጣበቀበት ቋጠሮ ከአፈር በላይ ይሁን ይላል። ጋሽ ባፈና አይሆንም አሉ። አራት ጣት ከአፈር በታች ይግባ፤ ላዩ ቢሞት ከታች እንደገና ይነሳል። ወረቀቱ ማኅተም አለው። እሳቸው ማኅተም የላቸውም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና «ይቅበሩት» አልኳቸው። ማንም አላየንም፤ ደፋር ለመሆን ጥሩ ጊዜ ነበር።

ከራሳቸው ችግኞች ስድስት ይዘው መጥተዋል። ከመጋዘኑ ጀርባ ሲተክሉ አየሁ። እንዳላየ ሰው አለፍኩ።

መስከረም 25 ቀን 1978

ሁሉም ጸድቀዋል። ሳህሉ መጥቶ አያቸውና ፍግ ይጨመር፣ ውሃ ይጨመር አለ። ጋሽ ባፈና ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ፍጉም ውሃውም ይቀነስ ነው የሚሉት። የተራበ አገዳ ይጠነክራል፤ የጠገበ አገዳ ልቡ ውሃ ነው፣ ውርጭ ሲነካው ይፈነዳል። ትክክል ናቸው። ግን ከተራበ ለታኅሣሥ አያብብም። የታዘዝነው ደግሞ እንዲኖር ሳይሆን በዚያች ቀን እንዲያብብ ነው።

ፍግ ጨመርኩ።

ኅዳር 11

የመጀመሪያው ውርጭ። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ፣ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ጽጌረዳዎቹ ደህና ናቸው፤ ጋሽ ባፈና ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ማታ ማታ በእንሰት ቅጠል እየሸፈኗቸው ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ያለብሷቸዋል፣ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ይገልጧቸዋል። በየቀኑ አርባ ጊዜ ማልበስ፣ አርባ ጊዜ መግለጥ። ለዚሁ ሲሉ ዘበኛው ጎጆ ውስጥ ማደር ጀምረዋል።

ከታች ያሉ ሴቶች ደረቅ ኮባ ተሸክመው አመጡላቸው። ወይዘሮ ዓለሚቱም በመኪናችን ሁለት እስር ላኩ፤ «ሌሎቹን ሚስቶችህን አልብስልኝ» ብለዋል አሉ። ሾፌሩ እየሳቀ ነገረኝ።

ታኅሣሥ 9

እምቡጥ! ስልሳ ሁለት ቆጠርኩ። አንዱ ጫፉ ተሰንጥቆ ቀይ አሳይቷል። የምረቃው ቀን ታኅሣሥ 19 ቅዳሜ ነው። ይደርሳል። ገነቴ ማታ «ዛሬ ምን አገኘህ?» አለችኝ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፣ ፊት ታነባለች። ጽጌረዳ አልኳት። በጽጌረዳ ደስ ብሎት የሚገባ ባል በመጠጥ ደስ ብሎት ከሚገባው ይሻላል ብላ ቀለደች።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ልጻፈው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮረብታው ላይ ነበርን። ጋሽ ባፈና ማልበስ ጀምረዋል። ጓድ ሳህሉ መጣ፤ ግቢውን ዞረ፤ ኖራ የተቀባውን ድንጋይ አየና ደስ አለው። ከዚያ ጽጌረዳዎቹ ጋ ደረሰ። ይህ ገለባ ምንድን ነው አለ። ኮባ ነው፣ ለብርድ ነው አልኩ። እንግዶቹ ማልደው ሊደርሱ ይችላሉ፤ የእንሰት ቅጠል እንደ ቆሻሻ ክምር ይታያል፤ ይነሳ አለ። አንድም አይቅር።

ሰማዩን አየሁ። ጥርት ብሏል። ነፋስ የለም። ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ... ልጅም ያውቀዋል። «ዛሬ ውርጭ ይጥላል» የምትለዋ ቃል ስንት ፊደል ናት?

«እሺ ጓድ» አልኩ። መኪናው ሄደ።

ጋሽ ባፈናን ይነሳ አልኳቸው። የሰሙ አልመሰለኝም። ደገምኩት። ሰማዩን አሳዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደ ልመና፣ «ሌሊቱን ይልበሱ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ሁሉን አነሳለሁ። ማን ያያል?» አሉኝ።

ትክክል ነበሩ። አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ሳህሉ ግን ማልዶ ቢመጣስ? ያየኝ እንደሆነስ? ይህን ነው ያሰብኩት። ሌላ ምንም አላሰብኩም። «አይሆንም፣ አሁን ያንሱ» አልኩ። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር።

አነሱ። አንድ በአንድ። እኔ ጭነቱን አገዝኳቸው።

አሁን ከቤቴ ወጥቼ ሰማዩን አየሁ። እንዲህ ያለ ኮከብ አይቼ አላውቅም።

ታኅሣሥ 19

ጥቁር። አርባውም። እምቡጦቹ በፈላ ውሃ የተቀቀሉ ይመስላሉ፤ ስነካቸው እጄ ላይ ቀሩ። ከመጋዘኑ ጀርባ ሄድኩ። የጋሽ ባፈና ስድስቱ ቆመዋል። አንዱ ላይ አበባ ነበር፣ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ በረዶ ይዞ። ምንም አልሆነ።

እንግዶቹ የደረሱት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ማልደው አይደለም... አምስት ሰዓት! ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ። ሊሄዱ ሲሉ አንዱ ወደ ጽጌረዳዎቹ ዞሮ «ይህን እሳት በላው?» አለ። አብረውት ያሉት ሳቁ። ሳህሉ አልሳቀም።

መኪኖቹ ሲሄዱ ወደኔ መጣ። «ሽፋኑን ማነው ያነሳው?»

እሱ ነው ያዘዘኝ! ረስቶት ነው? አልረሳም። ዓይኔ ውስጥ እያየ ነው የጠየቀኝ፤ መንገዱን እየጠረገልኝ ነበር። ለሁለታችን።

«አትክልተኛው ነው» አልኩ።

ውሸት አይደለም። በእጃቸው ያነሱት እሳቸው ናቸው። እውነት ነው የተናገርኩት... ግማሹን።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ጋሽ ባፈናን ዛሬ ጠዋት ከችግኝ ጣቢያው ወሰዷቸው። ውሃ መርጫውን እንደያዙ። ሁለት ፖሊስ። «የኢኮኖሚ አሻጥር» አለኝ አንደኛው፣ ስጠይቀው። ሚስዮን ቤት ያደገ ሰው ለምርቃታችን ቀን ጠብቆ... ምናምን።

ሲያልፉ አዩኝ። ውሃ መርጫውን አስቀምጠው ነው የሄዱት፣ እንዳይደፋ ቀጥ አድርገው።

ታኅሣሥ 22

ይፈቷቸዋል። ለአበባ ተብሎ ሰው ስንት ቀን ይታሰራል?

ታኅሣሥ 25

ሳህሉ ወረቀት ላከልኝ። «የባለሙያ አስተያየት» ይላል ርዕሱ። ግማሽ ገጽ። አትክልተኛው ሽፋኑን ያለ ማንም ትእዛዝ እንዳነሳ ባለሙያው አረጋግጠዋል ይላል። ባለሙያው እኔ ነኝ። ከታች ስሜ ተተይቧል፣ ተረፈ ተብሎ፤ የቀረው ፊርማ ነው። ከበዓል በኋላ እመልሳለሁ አልኩ። የላከው ሰው «ምኑ ነው የሚያስቸግረው?» አለኝ። ዘገየሁ እንጂ እምቢ አላልኩም። ልዩነቱን ራሴም አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 26

ከፖሊስ ጣቢያው በራፍ ላይ ወይዘሮ ዓለሚቱን አየኋቸው። ማለዳ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ነጠላ ብቻ ለብሰዋል። በየቀኑ ከቤታቸው በእግር ስንቅ ያመጣሉ። ሳሉ በርትቶባቸዋል። አይተውኝ ቆሙ። ልጆቼ ደህና እንደሆኑ ጠየቁኝ። ሁለቱንም በስማቸው። ከዚያ «አለቃው አንተ ነህ፤ እስቲ አንድ ቃል ተናገርለት» አሉኝ።

እናገራለሁ አልኳቸው። እግዜር ይስጥህ አሉኝ።

ታኅሣሥ 29

ገና። አልበላሁም። ገነቴ ሳህኑን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ በሩን ዘጋችና «ተናገር» አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም። መጀመሪያ የተናገረችው «ይህን ሌላ ማን ሰምቷል?» ነው። ማንም። «ማንም አይስማ። ሁለት ልጆች አሉህ። እሱን ይፈቱታል፣ ሽማግሌ ነው። አንተን ግን አይፈቱህም።»

አልተቆጣሁም። እኔ ለራሴ ስለው የሰነበትኩትን ነው ያለችኝ። ከአፌ ሲወጣና ከአፏ ሲወጣ ግን አንድ አልሆነልኝም። ይህን ደብተርም አቃጥለው አለችኝ። የባሕር ዛፍ ዘር ከረጢት ውስጥ ደበቅኩት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ነቀዘ።

ጥር 1

ወይዘሮ ዓለሚቱ ሞቱ። የሳንባ ምች ነው አሉ። ሦስት ቀን ተኝተው ነበር፤ ስንቁን ሌላ ሰው ሲያመላልስ ነበር። አልሰማሁም። ብሰማስ?

ጥር 2

ቀብር ሄድኩ። ላለመሄድ ያላሰብኩት ሰበብ የለም።

ቤተ ክርስቲያናቸው ስለታሸገ ከእንሰቱ በታች፣ በራሳቸው ቦታ ነው የተቀበሩት። የሟቿ ወንድም፣ ጋሽ ባፈና ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲለቀቁላቸው፣ ፖሊስ ጣቢያውን ለምነው ነበር። በፖሊስ ታጅበው ቢሆንም። አልተፈቀደም። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል የመጣው። ሲዘምሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ በሐዲይኛ፤ ቃሉ አልገባኝም። ሁለት መቶ ሰው አፉን ይዞ ሲዘምር መስማት... እንጃ፣ አልችለውም።

እኔን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ። አለቃው ነው ተባባሉ። ከአንዱ ቤት ወንበር አምጥተው ሽማግሌዎቹ አጠገብ አስቀመጡኝ። ይቅር ብላቸው እምቢ አሉ። አፈር ሲመለስ አካፋውን ሰጡኝ፣ በሦስተኛ ተራ። የባል ቦታ አይደለም? ማን መሆን ነበረበት እዚያ የቆመው?



ጥር 4፣ እሑድ

ብቻዬን ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ከጊምቢቹ በእግሬ። የተቃጠሉት አገዳዎች እንደቆሙ ናቸው፣ ማንም አልነቀላቸውም። ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ሥር በጣቴ ቆፈርኩ። አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ቋጠሮው ጋ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀይ ዓይን ወጥታለች። ሁለተኛውንም ቆፈርኩ። ሦስተኛውንም። ሁሉንም አዳረስኩ፤ ሠላሳ አራቱ በሕይወት አሉ።

አልሞቱም። አጥፍተዋል የተባሉት ሰው ናቸው ያተረፏቸው። አፈሩን መልሼ አለበስኳቸውና እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለጽጌረዳ አይደለም።

ሌሊቱን ጻፍኩ። አንድ ገጽ። ሽፋኑ እንዲነሳ ጓድ ሳህሉ አዘዙኝ። በዚያች ሌሊት ውርጭ እንደሚጥል አውቅ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። አትክልተኛው አስጠንቅቆኛል፤ አልሰማሁትም። እንዲያነሳ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ተክሎቹ አልሞቱም፤ ያልሞቱት አትክልተኛው አጥልቆ ስለተከላቸው ነው። ፊርማ።

ጥር 5፣ ሰኞ

ስነሳ ሸሚዜ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ገነቴ ሌሊቱን አልተኛችም ማለት ነው። ልጆቹን ሳምኳቸው።

ደብዳቤውን ለሳህሉ ብሰጠው ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በቀጥታ አስተዳዳሪው መዝገብ ቤት ሄድኩ። እዚያ ያለችው ትርፊት ናት፤ አብረን ነው የተማርነው። ማንበብ አይገባትም ነበር፣ አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን አየችው።

«ተረፈ፣ ልመልስልህ?»

«አትመልሺልኝ።»

ማኅተሙን መታች። ቁጥር 114 ብላ በትልቁ መዝገብ ላይ ጻፈች፣ ስሜን፣ ቀኑን፣ «ስለ ጽጌረዳ» ብላ። በቀዩም አሰመረችበት። «አሁን ማንም አይውጠውም» አለችኝ፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ።

ጥር 6

አራት ሰዓት ሙሉ ጠየቁኝ። ሳህሉም ነበር፤ ወደ መስኮቱ እያየ። «ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም?» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ፈርቼ ነው አልኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ። ሌላ መልስ ፈልገው ነበር መሰለኝ። አስተዳዳሪው ሠላሳ አራቱን ጽጌረዳ የሚያይ ሰው ላከ። ማታ ወደ ቤትህ ሂድ አሉኝ። ብርድ ልብሱን ሳይፈታ ይዤው ተመለስኩ። ገነቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እኔን ሳይሆን ብርድ ልብሱን አቀፈችው።

ጥር 8

ጋሽ ባፈና ተፈቱ። ምክንያት አልተነገራቸውም። ሂድ ብቻ። አሥራ ሰባት ሌሊት።

ቤታቸው ድረስ ሄጄ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ተመለስኩ። ልቅሶው እንደ አዲስ ተነስቶ ነበር።

ጥር 16

ደብዳቤ ደረሰኝ። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ጊቤ ቆላ ተዛውሬአለሁ። የመጋዘን ጠባቂ። ትኩሳት፣ ትንኝ... ውርጭ ግን የለም፣ ይህም አንድ ነገር ነው። ቤተሰብ ለጊዜው እዚሁ ይቀራል። ሳህሉ በቦታው ነው። የጻፍኩት ቁጥር 114ም በቦታው ነው፤ ትርፊት ትናንት በመንገድ ስታልፈኝ በእጇ ማኅተም እንደምትመታ አድርጋ ነገረችኝ።

ጥር 21

ነገ ማለዳ መኪናው ይመጣል። ዕቃዬ አንድ ሻንጣ እና ያ ብርድ ልብስ ነው።

አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ባፈና ናቸው። ከስተዋል፤ ፀጉራቸው ተላጭቷል። ይግቡ አልኳቸው፣ ገቡ። ገነቴ ወንበር ሰጠቻቸውና ልጆቹን ይዛ ወደ ጓዳ ሄደች። ስንት ሌሊት ያጠናሁትን ይቅርታ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሱ።

«እሱ ይቆይ። ቀብሯ ላይ ነበርክ አሉኝ።»

«ነበርኩ።»

«ሁሉም ነገረኝ። ወንድሟ ነገረኝ፣ ጎረቤት ነገረኝ። ሲነግሩኝ ያለቅሳሉ፤ ሲያለቅሱ ይዘሉታል። አንተ ወረቀት ላይ ሁሉን ጽፈሃል አሉኝ፣ ምንም ሳትዘል። እንደዚያ ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ከቤት ሲያወጧቸው ከፊት በቀኝ በኩል ማን እንደተሸከመ። ጨርቁ ምን ዓይነት እንደነበር። ጉድጓዱ ከእንሰቱ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፤ አሥራ አንድ ነው፣ ቆጥሬው ነበር። የመዝሙሩ ቃል እንዳልገባኝ፣ ዜማውን ግን እስካሁን እንደምሰማው። ወንበር እንዳመጡልኝ። መቀመጤን። ሦስተኛውን አካፋ አፈር የጣልኩት እኔ መሆኔን። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፣ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም።

ስጨርስ ቀና አሉ።

«ሰዓቱ?» አሉኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት ነበር።»

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ» አሉ፣ «የፖሊስ ጣቢያውን አበባ ውሃ አጠጣ ነበር። እንደሞተች ማንም አልነገረኝም። ደህና አድርጌ ነው ያጠጣሁት።»

ከዚያ ተነሱ። ይቅርታዬን ልል አፌን ስከፍት በሩ ጋ ደርሰው ነበር።